መብራት ሲጠፋ ውሃው የት ይሄዳል? የሳምፕና የቧንቧ ዕቅድ ለ300 ሊትር አኳሪየም

ጥያቄ፦ «120 በ50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም መስታወት ቤት ላሠራ ነው። ሁለት ኦስካር የሚባሉ ትልልቅ ዓሣዎች አሉኝ፤ አድገው የድሮው ገንዳ ጠቧቸዋል። ከሥሩ ካቢኔው ውስጥ ሳምፕ፣ ማለትም ውሃው ወርዶ የሚጣራበት ሁለተኛ ገንዳ፣ ማስገባት እፈልጋለሁ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው አንድ ባለ 25 ሚሊ ሜትር ፒፒአር የፕላስቲክ ቧንቧ ወደ ታች፣ አንድ ወደ ላይ፣ የሚወጣው ላይ ደግሞ ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ) ከተደረገ ይበቃል አለኝ። መብራት ግን ይጠፋል፣ ይመጣል። ውሃው ፈሶ ከታች ያሉትን ጎረቤቶቼን እንዳልጎዳ ፈርቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ መፍራትዎ ደግ ነው። ሳምፕ ያለው አኳሪየም ቤት የሚያጥለቀልቀው አብዛኛውን ጊዜ ፓምፑ ሲቆም ወይም ቆሞ ሲነሳ ነው። ፓምፑ እየሠራ ያለበትን ሰዓት ሁሉም ሰው አስቦ ነው የሚያቅደው። እኔ የምመክርዎ ከተቃራኒው እንዲጀምሩ ነው። መጀመሪያ መብራት የጠፋበትን ደቂቃ ያስቡ። ቀጥሎ መብራት የመጣበትን። ከዚያ አንዱ ቧንቧ የተደፈነበትን ቀን። የቧንቧው ስፋት፣ የሳምፑ መጠን፣ የፓምፑ ጉልበት፣ ሁሉም የሚወሰነው ከዚህ ነው።

ውሃው የሚዞረው እንዲህ ነው። ላይኛው ገንዳ ሲሞላ ትርፉ በማስወረጃ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ በተቆረጡ ጥርሶች መካከል አልፎ ወደ ሳጥኑ ይገባል። ከሳጥኑ በቧንቧ ወደ ሳምፕ ይወርዳል፣ ይጣራል፣ ፓምፑ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ለመውረድ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም፤ የመሬት ስበት ይበቃዋል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ መውጣቱ በዚያችው ቅጽበት ይቆማል፣ መውረዱ ግን ይቀጥላል። ጥያቄው ስንት ሊትር ወርዶ ይቆማል የሚለው ነው። ይህ ደግሞ በግምት ሳይሆን በሒሳብ ይታወቃል።

ገንዳዎ 120 በ50 ስለሆነ እያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር ውሃ 6 ሊትር ናት። ይህችን ቁጥር ወረቀት ላይ ይጻፏት። ሳምፑን ደግሞ 80 በ40 በ40 እናድርገው። እዚያ አንድ ሴንቲ ሜትር 3.2 ሊትር ነው። የመስታወቱን ውፍረት ለጊዜው እንተወው።

መብራት ሲጠፋ ውሃ በሁለት መንገድ ይወርዳል። አንደኛው በጥርሶቹ በኩል ነው። ፓምፑ ሲሠራ ውሃው ከጥርሱ ግርጌ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ሲቆም ያቺ ሴንቲ ሜትር ትወርዳለች። 6 ሊትር ናት። ማስወረጃ ሳጥኑ ውስጥና ቧንቧዎቹ ውስጥ ያለው ሲጨመር ሌላ 6 ሊትር ገደማ ይሆናል። ይህ ምንም አይደለም።

ሁለተኛው ነው አደገኛው። ውሃውን ወደ ላይ የሚወስደው ቧንቧ ፓምፑ ሲቆም አቅጣጫውን ይቀይራል። አፉ ውሃ ውስጥ የተነከረ ከሆነ ገንዳውን በሲፎን፣ ማለትም ቧንቧው በውሃ እንደተሞላ ያለ ፓምፕ በራሱ እየሳበ፣ መምጠጥ ይጀምራል። አየር እስኪያገኝ ድረስ አያቆምም። ቧንቧ ሠራተኛው አፉን ከውሃው ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢያደርገው 60 ሊትር ወደ ታች ይሄዳል። የሳጥኑና የቧንቧው 6 ሊትር ሲጨመር 66። ሳምፑ ሲሠራ በ24 ሴንቲ ሜትር፣ ፓምፑ ያለበት 25 በ40 የሆነው ክፍሉ ደግሞ በ20 ላይ ከነበረ፣ ይህ ሁሉ ሲገባበት ከ43 ሴንቲ ሜትር በላይ መሆን ነበረበት። ሳምፑ ግን 40 ነው። ወደ 11 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ወለሉ ላይ ነው ማለት ነው። እርስዎ ሥራ ቦታ ሳሉ።

አሁን አፉን ወደ ላይ እናምጣው። ከውሃው ወለል 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ይበል። መብራት ሲጠፋ 12 ሊትር ወርዶ የቧንቧው አፍ አየር ይስባል፣ ሲፎኑ ይቆረጣል። ከሳጥኑና ከቧንቧው ጋር 18 ሊትር። ሳምፑ 28 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማል፤ 12 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ቦታ አለው። ለውጡ የመጣው አንድ ቧንቧ በ8 ሴንቲ ሜትር ከፍ ስላለ ብቻ ነው። ምንም ወጪ የለውም።

ቼክ ቫልቩስ? በሱ አልተማመንም። አዲስ ሳለ ይሠራል፣ አልክድም። ግን ውስጡ ያለው ክዳን ላይ አልጌ ይበቅላል፣ የኖራ ቅርፊት ይይዛል፣ የምግብ ፍርፋሪ ይገባበታል። ከወራት በኋላ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ሲሠራ የነበረ ቫልቭ መቼ መሥራት እንዳቆመ የሚነግርዎ ነገር የለም፤ የሚያውቁት ወለሉ ሲረጥብ ነው። በዚያ ላይ የፓምፑን ጉልበት ይቀንሳል። አንዳንዶች ቧንቧው ላይ ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀዳዳ ይበሳሉ፣ አየር እንዲስብ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ትንሿ ቀዳዳም ትደፈናለች። ቀዳዳውም ይኑር ካሉ ይኑር፣ በየጊዜው በጥርስ ብሩሽ ያጽዱት። መተማመኛዎ ግን የቧንቧው አፍ ከፍታ ይሁን። ከፍታ አይበላሽም።

ወደሚያወርደው ቧንቧ እንምጣ። እዚህ ላይ ከሠራተኛው ጋር በደንብ መነጋገር ይኖርብዎታል። ፒፒአር የሚጠራው በውጭ ስፋቱ ነው። ባለ 25 የሚባለው ወፍራሙ ዓይነት ውስጡ 16.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ባለ 32ቱ ውስጡ 21 ገደማ ነው። ለመታጠቢያ ቤት ግፊት ያለው ውሃ ይህ ይበቃል፤ የሠራተኛው ልምድም ከዚያ ነው የመጣው። ገፊ የሌለው፣ በክብደቱ ብቻ የሚወርድ ውሃ ግን ሰፊ መንገድ ይፈልጋል። ለዚህ ገንዳ በሰዓት 1,500 ሊትር ማዞር ጥሩ ነው፤ የገንዳው አምስት እጥፍ ነው። 16.6 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ይህን የሚችለው አንዲት አረፋ ሳትኖርበት ሙሉ በሙሉ በውሃ ከሞላ ብቻ ነው፤ እሱም በጭንቅ። አየር ከተቀላቀለበት አይችልም። አንድ ቅጠል ወይም አንድ ትንሽ ቀንድ አውጣ ከገባበትማ ጨርሶ አይታሰብም።

እኔ ለእርስዎ የምመርጠው ሦስት ቧንቧ ነው። ባለ 32 የግፊት ፒቪሲ፣ ውስጡ 28 ገደማ የሆነ። በዓለም ያሉ አኳሪየም ወዳዶች ይህን አሠራር ቢን አኒማል ይሉታል። ባለ ሁለት ቧንቧም አለ፣ ኸርቢ የሚባለው። አንድ ቧንቧ ብቻ ያለው ዱርሶም አለ። ሦስቱም ይሠራሉ። ግን እርስዎ ከሥርዎ ሰው የሚኖርበት ቤት ውስጥ ነዎት፣ መብራትም ይጠፋብዎታል። ስለዚህ ሦስት።

የመጀመሪያው ቧንቧ ሲፎን ነው። አፉ ሳጥኑ ውስጥ ወደ ታች የዞረና ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ያለ ነው። አየር ስለማይስብ ድምፅ የለውም፣ ከሚፈልጉት ከእጥፍ በላይ ውሃም መሸከም ይችላል። ለዚህም ነው ቫልቭ የሚደረግበት፤ ካልታነቀ ሳጥኑን ባዶ አድርጎ አየር እየሳበ ይንቆራጨጫል። ሁለተኛው ክፍት ቧንቧ ነው። አፉ ትንሽ ከፍ ይላል። ቫልቩን በጣም በትንሹ አጥብቀው ሲፎኑ ከሚያስፈልገው ትንሽ እንዲያንስ ያደርጋሉ። የቀረችው ቀጭን ውሃ በክፍቱ ቧንቧ ግድግዳ ላይ ተንሸራታ ትወርዳለች፣ ድምፅ ሳታሰማ። ሦስተኛው ደግሞ ደረቅ ነው። አፉ ከሁሉም ከፍ ያለ ነው፣ በተለመደው ቀን አንድ ጠብታ አይገባበትም። ሁለቱ ቢደፈኑ ብቻውን የፓምፑን ውሃ ሁሉ መሸከም አለበት። እዚህ ላይ ቫልቭ እንዳይገጠም። ለምንም ምክንያት ቢሆን።

የደረቁን ቧንቧ ጫፍ ሳምፑ ውስጥ ከውሃው በላይ ይተዉት። ውሃ ሲወርድበት ይንጫጫል። ያ ጩኸት ሌላው ቧንቧ እንደተደፈነ ይነግርዎታል። ጫፉን ውሃ ውስጥ ከነከሩት ግን ዝም ብሎ ይወርዳል፣ እርስዎም ችግሩን ሳያውቁ ወራት ያልፋሉ።

ስለ ቫልቩ አንድ ነገር። ሲፎኑን በጥንቃቄ ለማስተካከል ጌት ቫልቭ ይሻላል፣ በብዙ ዙር ቀስ እያለ ስለሚዘጋ። ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው ጌት ቫልቭ ግን የናስ ነው። ናስ ውስጥ መዳብ አለ፤ ውሃው ለስላሳና አሲዳማ ሲሆን ይሟሟል። ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ቶሎ ይጎዳሉ፣ ለዓሣም አይበጅም። የዚንክ ቅብ ያለው የብረት ቧንቧም እንዲሁ አይገባም። የፕላስቲክ ጌት ቫልቭ ካጡ የፕላስቲክ ቦል ቫልቭ ይግዙ። ቦል ቫልቭ ደቃቅ ማስተካከያ የለውም፣ ትንሽ ሲነኩት ብዙ ይዘጋል። ሦስቱን ቧንቧ የመረጥኩበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ቫልቩ በልክ ባይቆምም ክፍቱ ቧንቧ ልዩነቱን ይወስድለታል። በሁለት ቧንቧ አሠራር ግን ያቺ ልዩነት የምትሄደው ወደ መጠባበቂያው ነው።

አሁን መብራት መጣ እንበል። ፓምፑ ይነሳል፣ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሳጥኑ ይሞላል። ሲፎኑ ቧንቧ ውስጥ ግን አየር አለ። ያ አየር ተገፍቶ በታችኛው ጫፍ መውጣት አለበት፣ አለዚያ ሲፎኑ አይጀምርም። ስለዚህ የሲፎኑ የታች ጫፍ ሳምፑ ውስጥ ከውሃው ወለል 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይግባ። ብዙ ሰው «ድምፅ እንዳይኖረው» ብሎ 15 ሴንቲ ሜትር ይነክረዋል። አየሩ ያን ሁሉ ውሃ ገፍቶ መውጣት ያቅተዋል፤ ሳጥኑ ላይ ውሃው እየወጣ ደረቁ ቧንቧ ውስጥ ይገባል። መብራት በመጣ ቁጥር ሰው መጥቶ ቫልቭ ካልነካካ የማይነሳ ሲስተም ለእኛ አገር አይሆንም። እርስዎ በሌሉበት በራሱ መነሳት አለበት።

የተደፈነበትን ቀን እንየው። ሦስቱም ቧንቧ ተደፈኑ እንበል፤ የማይመስል ነገር ነው፣ ግን ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ እንሥራው። ፓምፑ ያለበት የሳምፕ ክፍል 25 በ40 ይሁን። እዚያ አንድ ሴንቲ ሜትር ልክ አንድ ሊትር ነው። ውሃው 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ፓምፑ 5 ላይ ሲደርስ አየር መሳብ ቢጀምር፣ ወደ ላይ ሊያወጣ የሚችለው 15 ሊትር ብቻ ነው። ላይኛው ገንዳ ውስጥ ይህ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ላይ ሲሠራ ውሃው ከመስታወቱ ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ከሆነ ምንም አይፈስም። ፓምፑ ደርቆ ይንጫጫል፣ ሊበላሽም ይችላል፣ ቤትዎ ግን ደረቅ ነው። ለዚህ ነው የፓምፑን ክፍል ሰፊ አድርጎ ብዙ ውሃ መያዝ ሁልጊዜ የማይጠቅመው።

የዚያው ክፍል ጥበት ሌላ ጣጣ አለው። ውሃ ሲተን የሚጎድለው እዚያ ብቻ ነው፤ ላይኛው ገንዳና ሌሎቹ ክፍሎች ከፍታቸው አይለወጥም። በቀን 2 ሊትር ቢተን ክፍሉ በቀን 2 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ለሳምንት ከቤት ከራቁ ፓምፑ ይደርቃል። ተንሳፋፊ ማቆሚያ ገጥመው ከጀሪካን በራሱ እንዲሞላ ማድረግ ይቻላል። ጀሪካኑ 20 ሊትር ብቻ ስለያዘ ተንሳፋፊው ቢነክስ፣ ተጣብቆ ባይዘጋ እንኳ የሚገባው ያችው ናት፤ ሳምፑ ይችላታል። በቀጥታ ከቤቱ የውሃ መስመር ጋር ግን እንዳይገናኝ አደራ። ክሎሪን ያለበት ውሃ ይገባል። ተንሳፋፊው ከነከሰ ደግሞ በፈረቃ የመጣው ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ቤትዎ ውስጥ ያድራል።

የሳምፑን ክፍሎች በአጭሩ ልንገርዎ። 80 ሴንቲ ሜትሩን እንዲህ ይከፋፍሉት፤ 20 ቧንቧዎቹ የሚወርዱበትና ስፖንጅ ያለበት፣ 30 የባክቴሪያ ማደሪያ፣ 5 አረፋ የሚቀርባቸው ተቀራራቢ መስታወቶች፣ 25 ፓምፑ። የውሃውን ከፍታ የሚወስነው መስታወት 24 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለባክቴሪያ ማደሪያ የውጭ ሴራሚክ የግድ አይደለም። ከቢሾፍቱና ከአዳማ አካባቢ የሚመጣው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ውሃው እስኪጠራ ደጋግመው አጥበው በመረብ ከረጢት ያስገቡት። ስፖንጁ ከፊት ይሁን፣ ቆሻሻው ጠጠሩ ላይ እንዳይቀመጥ። ኦስካር ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል፣ ስፖንጁን በሳምንት ያጥቡታል። በቀላሉ እጅ የሚገባበት ካልሆነ ደግሞ አያጥቡትም። ስለዚህ ከሳምፑ በላይ ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይተዉ።

የውሃ ማሞቂያውን ሳምፑ ውስጥ ያድርጉት። ኦስካር ጉልበተኛ ነው፤ ገንዳ ውስጥ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ይገፋል፣ የመስታወት ማሞቂያ ይሰብራል። ማሞቂያው የሚቀመጠው መሃከለኛው ክፍል ውስጥ ነው፣ ውሃው በማይጎድልበት። ፓምፑ ክፍል ውስጥ ካደረጉት ውሃ ሲጎድል ከላዩ ይጋለጥና ይሰነጠቃል። ለአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ባለ 150 ዋት ሁለት ይሻላል፣ ባለ 300 አንድ ከሚሆን። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያግዛል፤ አንዱ አልጠፋ ብሎ ቢቀር ደግሞ ብቻውን ዓሣዎቹን ቶሎ አይቀቅልም።

ፓምፕ ሲገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አይመኑ። 3,000 ሊትር በሰዓት የሚለው ምንም ከፍታ ሳይኖር ነው። ከሳምፑ የውሃ ወለል እስከ ላይኛው የውሃ ወለል ያለውን ይለኩ፤ በእርስዎ ካቢኔ 95 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል። በቧንቧውና በኤልቦዎቹ የሚባክነውን 25 ገደማ ይጨምሩ። 1.2 ሜትር ሆነ። ካርቶኑ ላይ ከፍተኛው ከፍታ 2.5 ሜትር የሚል ባለ 3,000 ፓምፕ እዚህ ግማሽ ገደማውን ይሰጣል፣ የምንፈልገውም ያንን ነው። ከፓምፑ ወደ ላይ የሚሄደውን ውስጡ 25 ሚሊ ሜትር በሆነ ለስላሳ ቱቦ ያድርጉት። ጠንካራ ቧንቧ የፓምፑን ንዝረት ወደ ካቢኔው ያስተላልፋል፣ ሌሊት ይሰማል። በየመገጣጠሚያው ዩኒየን፣ በእጅ የሚፈታ ማያያዣ፣ ያስገቡ። በኮላ የተጣበቀ ፒቪሲ አይፈታም፣ ፓምፕ ለማጠብ ቧንቧ መቁረጥ የለብዎትም።

መስታወቱ መበሳት ያለበት መስታወት ቤት ሳለ ነው። ከወለሉ ሳይሆን ከኋላው፣ ከላይ በኩል፣ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ማስወረጃ ሳጥን በሚያርፍበት ቦታ። ወለሉ ላይ ከተበሳ አንዲት ጎሚኒ ባረጀች ቀን ገንዳው እስከ መጨረሻው ይፈሳል። ከኋላ ከተበሳ የሚፈሰው ከቀዳዳው በላይ ያለው ብቻ ነው። ቴምፐርድ መስታወት ጨርሶ አይበሳም፣ ይበተናል፤ ስለዚህ ሲያዙ ተራ 10 ሚሊ ሜትር ብለው ያዙ። መጀመሪያ መስታወቱን የሚያልፈውን ማያያዣ ይግዙ፣ ሮቶ ላይ የሚገጠመውን የሚመስል፣ ከዚያ ይዘውት ይሂዱና በሱ ልክ ይበሳ። ማያያዣው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። በቀዳዳውና በመስታወቱ ጠርዝ መካከል ቢያንስ የቀዳዳውን ስፋት ያህል ርቀት ይኑር። ጎሚኒው ውሃ ባለበት በኩል፣ ሰፊው ከንፈር ሥር ነው የሚገባው። በእጅ ጥብቅ ካደረጉ በኋላ ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ። በመፍቻ አጥብቆ ማሠር መስታወት ያሰነጥቃል።

ስለ ክብደቱም ላንሳ። ውሃው ላይና ታች 340 ኪሎ ይጠጋል። ላይኛው መስታወት ብቻ 57 ኪሎ ነው። ሳምፑ፣ ጠጠሩና ማስቀመጫው ሲጨመሩ ግማሽ ቶን ገደማ ነው። ከመሃል ወለል ይልቅ ግድግዳ ጥግ፣ ምሰሶ ወይም ቢም ባለበት በኩል ያድርጉት፤ ሕንፃውን የሚያውቅ መሐንዲስ ካለም አንድ ቀን ያሳዩት። ማስቀመጫውን በቱቦላሬ ያስበይዱ፣ ኤምዲኤፍ ውሃ ሲነካው ያብጣል። ብየዳ ቤት ከመሄድዎ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ይለኩ፤ 80 ሴንቲ ሜትሩ ሳምፕ በእግሮቹ መካከል ይገባል? ደግሞስ ላይኛው ገንዳ ሞልቶ ሳለ ሊወጣ ይችላል? አንዳንዱ ማስቀመጫ መሃል ላይ እግር ተበይዶበት ሳምፑ ለዘላለም እዚያው ይታሰራል።

ከሳምፑ ሥር በላሜራ የተሠራ 90 በ45፣ ጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትሪ ያስገቡ። 20 ሊትር ይይዛል። ለጎረቤቶችዎ ስል ይህን የግድ አድርጉ እላለሁ። ውሃ ሲነካው የሚጮህ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማንቂያ ካገኙ ትሪው ውስጥ ያስቀምጡት።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ ማከፋፈያው ከሳምፑ በላይና ወደ ጎን ይሁን፣ ካቢኔው ወለል ላይ አይቀመጥ። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ይዙር፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ እዚያ ይንጠባጠባል፣ ሶኬት ውስጥ አይገባም። አርሲዲ የሚባለውን፣ ኤሌክትሪክ ሲሾልክ የሚያቋርጠውን ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስገጥሙ። እጅዎን በየሳምንቱ እዚያ ውሃ ውስጥ የሚከቱት እርስዎ ነዎት።

መብራቱ ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ከወለሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ኦክስጅኑ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ከተማ በሩብ ያህል ያነሰ ነው። የውጭ መመሪያዎች «ለጥቂት ሰዓት ችግር የለም» ሲሉ ይህን አያስቡም። 30 ሴንቲ ሜትር የሚደርሱ ሁለት ዓሣዎች ያን ትንሽ ኦክስጅን ቶሎ ይጨርሱታል። ለዚህ ፓምፑን በዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኤሌክትሪክ በሚሰጥ ባትሪ፣ ማንቀሳቀስ ብዙም አያዋጣም። 50 ዋት ፓምፕ የተለመደውን ትንሽ ዩፒኤስ ከአንድ ሰዓት በላይ ብዙም አያስኬደውም። 4 ዋት የሆነ የአየር ፓምፕ ግን ለብዙ ሰዓት ይቆያል። ዩፒኤሱን ለአየር ፓምፑ ብቻ ይስጡት፣ አየሩን በትናንሽ አረፋ የሚበትነው ድንጋይ ላይኛው ገንዳ ውስጥ ይሁን። የአየር ፓምፑ ደግሞ ከውሃው ወለል ከፍ ብሎ ይሰቀል። ዝቅ ካለ ሲቆም ውሃው በዚያች ቀጭን ቱቦ በሲፎን ይወርዳል፤ ከላይ ያሰላነው ሁሉ ለሷም ይሠራል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ዓሣ ሳይገባ ይሞክሩት። የፒቪሲው ኮላ አንድ ቀን ይድረቅ። ላይኛውን ገንዳ እስከ ጥርሱ ይሙሉ፣ ፓምፑን አስነሱና ውሃ እየጨመሩ ሁለቱንም ቧንቧ ያስተካክሉ። ከዚያ ሶኬቱን ይንቀሉት። ውሃው መውረድ ሲያቆም ሳምፑ ስንት ላይ እንደቆመ ይዩ። ከጠርዙ 5 ሴንቲ ሜትር እስኪቀረው ድረስ ቀስ እያሉ ውሃ ይጨምሩ። አሁን መልሰው ያስነሱት። ሁሉም ሲረጋጋ የፓምፑ ክፍል ውስጥ ያለው ውሃ ከ20 ሴንቲ ሜትር በልጦ ከሆነ ትርፉን ቀድተው ያውጡ፣ የተደፈነውን ቀን ያሰላነው በ20 ነውና። የቆመበት ላይ ቀይ ፕላስተር ይለጥፉ። ያ የመጨረሻው መስመር ነው፤ ከዚያ በላይ ማንም ውሃ አይጨምር፣ የቤት ሠራተኛም ልጆችም ይህን ይወቁ።

ቀጥሎ ሲፎኑን በጨርቅ ይድፈኑት። ክፍቱ ሲሞላ፣ ደረቁ ሲንጫጫ ይስሙ። ሁለቱንም ይድፈኑና ደረቁ ብቻውን መቻሉን ይዩ። ይህን ሲያደርጉ ቧንቧ ሠራተኛው አብሮዎት ይቁም፤ ሥራውን ጨርሶ ሄዶ ስልክ የማያነሳበት ቀን ከመምጣቱ በፊት። ከዚያም ለሁለት ሦስት ቀን መብራቱ በራሱ እንዲጠፋና እንዲመጣ ይተዉት፣ ካልጠፋም በተለያየ ሰዓት እርስዎ ያጥፉት። ማታ ሁሉም ሰው ሲተኛም አንዴ ይሞክሩት፤ በቀን የማይሰማ መንቆራጨጥ ያኔ ይሰማል።

ኦስካሮቹን ከማዛወርዎ በፊት የድሮውን ገንዳ ስፖንጅ ሳይታጠብ ሳምፑ መሃል ክፍል ውስጥ ያስገቡት። አሞኒያውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች እዚያ ላይ ናቸው፤ ወደ ጠጠሩ እስኪዛመቱ ሳምንታት ይፈጃሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምግብ ይቀንሱ፣ ሩብ ያህሉን ውሃ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይቀይሩ። የሚቀይሩት ውሃ ክሎሪኑ የወጣለት ይሁን፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር ይቀራረብ። ሠራተኛው የቧንቧውን ሥዕል ሲጨርስ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፤ ባለ 25ቱን ፒፒአር ከመግዛቱ በፊት ከሆነ ይበልጥ ደስ ይለኛል።